በጋቢ የተደፈነው ቀዳዳ

ሲይዙኝ የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜዬን ጨርሼ እጄ ላይ የቀረውን የጠመኔ ብናኝ እያራገፍኩ ነበር። ተማሪዎቹ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውመው ከግቢ ከወጡ ወዲህ፣ ሰበታ ውስጥ መምህር መሆን በራሱ ያስጠረጥር ነበር። «ለጥያቄ ትፈለጋለህ፤ አሁን ትመለሳለህ» አሉኝ። አምኛቸው ጃኬቴን ወንበሩ ላይ ትቼ ወጣሁ። ጃኬቴን ብይዝ ኖሮ የሳንባ ምች ባልያዘኝ ነበር እያልኩ ብዙ ጊዜ ተቆጭቻለሁ፤ ያውም የባዮሎጂ መምህር ሆኜ።

ከሌሎች እስረኞች ጋር የከተቱኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር መሰለኝ፤ የጤፍ ብናኙ ገና ከግድግዳው ስንጥቅ አልወጣም። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር አንድ ብሎኬት ወልቆ የቀረ ቀዳዳ አለ፤ አየርም ብርሃንም የሚገባው በእሱ ነው። የምንተኛው በጎናችን ተጣበን ስለሆነ አንዱ ሲገላበጥ ሁላችንም እንገላበጣለን። ጥግ ላይ ባልዲ አለ።

ከቀዳዳው ሥር ያለችው ቦታ የክፍሉ ሽማግሌ መኝታ ነበረች። የሱሉልታ ገበሬ ናቸው፤ የታሰረ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደው በዚያው አስቀሯቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ያኔም ሁላችን በኦሮምኛ አክብሮት «ኦቦ» ብቻ ነበር የምንላቸው።

ሳሉ ሲጠናብኝ፣ ጎኔን እየወጋ ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጠኝ፣ ኦቦ ቦታቸውን ለቀቁልኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል። አባቴ የሚሆኑ ሰው ከንፈሬን በውኃ ያርሱልኛል። ባልዲው ጋ መድረስ ሲያቅተኝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይይዙልኛል፤ ወስደውም ይደፉታል። ሲያሳድጉኝ ታላቅን እጅ ማስታጠብ ነው ያስተማሩኝ።

«ኧረ ኦቦ፣ አፈር ስሆን ይተዉት!»

«ዝም በል፣ ኢልመ ኮ። ልጄ ብትሆንስ?»

ወደ ግድግዳው ዞሬ አይኔን እጨፍን ነበር። ከሕመሙ ይልቅ እፍረቱ ባሰብኝ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይል ጀመር። «ንፋስ ነው የመታው» አለ ከቡራዩ የተያዘው የሚኒባስ ሹፌር፤ «ቀዳዳው ሥር አስተኝተነው እኮ ነው!» ማንም አልተከራከረም። ታክሲ ውስጥ መስኮት ተከፈተ ብለን የምንጣላ ሰዎች ነን። ኦቦ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ሹፌሩም ተንጠራርቶ ቀዳዳውን ደፈነው። ክፍሉ ጨለመ። ኦቦ በስስ ሸሚዝ ቀሩ።

ሙቀቱና የባልዲው ሽታ አንድ ላይ ወረዱብኝ። ሁሉም ከበቡኝ፤ አንዱ እግሬን ያሻል፣ አንዱ ግንባሬን ይዳስሳል። አየር እንዳጣሁ አውቄያለሁ። ግን ሽንቴን ለሚደፉልኝ ሽማግሌ፣ ከገላቸው ገፈው ለደፈኑልኝ፣ በሰው ፊት «ጋቢዎ አፈነኝ» ብሎ መናገር እንዴት ይቻላል? አፌን ከፍቼ አየር እፈልግ ጀመር።

«መምህር» አሉኝ ኦቦ፣ ጆሮዬ ድረስ ጎንበስ ብለው። «ይኼን ታስተምር የለም እንዴ? ውስጥህ ምን እየሆነ ነው? ንገረን፣ እንርዳህ።»

አንድ ትንፋሽ ሳገኝ አንድ ዐረፍተ ነገር እያልኩ አስተማርኳቸው።

«ሳንባ ውስጥ ዘበኞች አሉ። እዚያው የሚኖሩ ሴሎች። አቧራውንም ተህዋሱንም ይበላሉ።»

«ጎበዞች» አለ ሹፌሩ።

«ተህዋሱ ሲበረታባቸው ይጣራሉ። ከደም ውስጥ ሌሎች ይደርሱላቸዋል። ለእርዳታ ነው የሚመጡት። ግን ሲበዙ… የአየሩን ከረጢት ይሞሉታል። ተህዋሱን ሊገድሉ የሚረጩት ሳንባውንም ያቆስለዋል። አየር መግቢያ ያጣል።»

«የኛን ሰፈርና ፖሊሱን ነው የምታወራው?» አለ ሹፌሩ። ሌሎቹ ሳቁ።

ኦቦ አልሳቁም። «ታዲያ ማን ያስቆማቸዋል?»

«እዚያው ነዋሪዎቹ ዘበኞች። የሞተውን እየበሉ ያጸዳሉ። በቃ፣ ተመለሱ ይላሉ። ቁስሉ እንዲጠገን ይረዳሉ። ሳንባው ከተረፈ… በእነሱ ነው።»

ኦቦ ቀና ብለው ጋቢያቸውን አዩት። ከዚያ እኔን። ከዚያ የከበበኝን ሰው ሁሉ።

«መምህር፣ እኛም በዛንብህ እንዴ?»

ዕንባዬ መጣ፤ ራሴን ብቻ በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«አውርደው» አሉት ሹፌሩን። «እናንተም ሁላችሁ ወደ በሩ!» ያ ሁሉ ሰው በር ጥግ ላይ ተፋፍጎ ቆመ፤ ቀዳዳው ሥር እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ቀዝቃዛ አየር ፊቴ ላይ ወረደ። አየሩ ብቻውን አላዳነኝም፤ ቆመው በሩን ሲደበድቡ ውለው ጤና ባለሙያ አስመጡልኝ፣ መርፌም ተወጋሁ። ባለሙያው እስኪመጣ ድረስ ያቆየኝ ግን አየሩ ነው።

«ዕቃዎን ይያዙ» ተብለው ኦቦ ሲጠሩ እኔ መቆም ችዬ ነበር። ዕቃቸው ጋቢው ብቻ ነው። ተንበርክኬ የጎማ ጫማቸውን ላጠልቅላቸው እጄን ዘረጋሁ።

«ተው፣ መምህር!» ብለው እግራቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ፊቴን አዩት። ምን እንዳዩበት አላውቅም፤ ቀስ ብለው እግራቸውን መልሰው ዘረጉልኝ። ሁለቱንም አጠለቅኩላቸው።

«ገለቶሚ» አሉኝ፤ እሳቸው እኔን አመሰገኑ።

አሁንም አስተምራለሁ። ስለ ሳንባ ሳስተምር እነዚያ ነዋሪ ሴሎች ላይ ስደርስ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞራለሁ። የሚያሳፍረኝ ጠርሙሱ ብቻ አይደለም። ኦቦ በስስ ሸሚዝ ቀርተው «በዛንብህ እንዴ?» ማለታቸው ነው የሚያሳፍረኝ፤ ጥፋተኛው እሳቸው ይመስል።

በቀደም ወደ ዓለም ገና በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት «ልጄ፣ ንፋስ ገባብኝ፤ መስኮቱን ብትዘጋልኝ» አሉኝ። ሰው እንደ ጆንያ ታጭቋል፣ ይታፈናል። ባዮሎጂውን አውቀዋለሁ።

«እሺ፣ አባቴ» ብዬ ዘጋሁላቸው።