የአሥራ ዘጠኝ ቀን መስመር

ጋሼ ደብተሬን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው በዝግታ ይገልጣሉ። እኔ ቤቴል ሰፈር ባለው ሳሎናቸው የሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ያቀረቡልኝ ሻይ ሳልነካው ቀዝቅዟል። ጡረታ የወጡ የሥዕል መምህር ናቸው። የሥዕል ትምህርት ቤቱ የማታ ክፍል የመግቢያ ፈተና ምዝገባ በማግስቱ ያበቃል፤ ለመመዝገብ የመምህር የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤው ተጽፎ፣ ፊርማ ብቻ ቀርቶት፣ ጠረጴዛው ላይ ነበር። በአርባ ዓመቴ ከዚያ ፊርማ በላይ የፈለግሁት ነገር አልነበረም።

«ሁለት ወር ሠርተሽ ነይ» ነበር ያሉኝ። በየቀኑ ጠዋት አንድ ገጽ መስመር፣ ያለ ማስመሪያ፣ በእስክርቢቶ። ክንድ ከትከሻ ይነሳል እንጂ የእጅ አንጓ አይታጠፍም። በገጹ ጀርባ ደግሞ ቅርጽ፦ ሳጥን፣ ጣሳ፣ ኳስ። ቀን ይጻፍበታል፤ ላጲስ የለም። ፋርማሲ ስለምሠራ ሳጥን ሞልቶኛል። የመድኃኒት ካርቶን ባንኮኒው ላይ አቁሜ፣ ደንበኛ እስኪመጣ እሥል ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ሳጥኖቼ ሁሉ የተረገጡ ይመስሉ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንዷ ቀጥ ብላ ብትቆምልኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሁለት ወሩ ሊሞላ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ግን ተውኩት። ሥራ በዛብኝ፣ ልጄ ታመመችብኝ አልልም፤ ሰነፍኩ፣ በቃ። ዛሬ ነገ ስል አሥራ ዘጠኝ ገጽ ባዶ ቀረ። ሰኞ ደብተሩን ላሳይ፣ እሑድ ከቸርች መልስ በሬን ዘግቼ አሥራ ዘጠኙንም ሳልነሳ ሞላሁት። ብልጥ መሆኔ ነው፤ እስክርቢቶ ቀያየርኩ። ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ሊያልቅ የደረሰ። አንዱ ገጽ ላይ እንዲያውም የሻይ ብርጭቆ አስቀምጬ ክብ አተምኩበት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔዋ አንድ ሌሊት ብቻ ነው ያደረችው።

ጋሼ መግለጣቸውን አቆሙ። ወደ ኋላ ተመለሱ፣ እንደገና ወደፊት መጡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«እዚህ ጋ» አሉ የመጀመሪያዎቹን ገጾች እያሳዩኝ፣ «በየጠዋቱ ከላይ ያሉት ሦስት አራት መስመሮች ይንቀጠቀጣሉ። እጅሽ ሳይፍታታ ነው። ወደ ታች ስትወርጂ ይጠነክራሉ። ደህና ነው።» ከዚያ ጣታቸው እሑድ የሞላኋቸው ገጾች ላይ አረፈ። «እዚህ ግን የማክሰኞ የመጀመሪያዋ መስመር ከሰኞ የመጨረሻዋ ትሻላለች። የረቡዕም እንዲሁ። ልጄ፣ እጅሽ እንቅልፍ አያውቅም እንዴ?»

ፊቴ ጋለ። ቀድሞ የመጣብኝ ሐፍረት አልነበረም፣ ንዴት ነበር። መስመር እኮ ነው! ለመስመር ይሄ ሁሉ ምርመራ!

«ጋሼ፣ አንድም አላስቀረሁም እኮ፤ ሁሉንም ሠርቼዋለሁ» አልኳቸው።

«ሠርተሻል። በስንት ቀን?»

ውጭ የታክሲ ረዳት «አየር ጤና! አየር ጤና!» እያለ ይጮሃል።

«በአንድ ቀን» አልኩ።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ነጭ ወረቀት አቀረቡልኝና ክብሪት ከፊቴ አቆሙ። «ፈተናው ላይ እጅሽን እስክታፍታቺ የሚጠብቅሽ የለም። ይቺን ሣዪልኝ።» ሣልኳት። ክብሪቷ በአንድ ጎኗ ተንጋደደች። ጋሼ አዩዋት፣ ደብዳቤውን አጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

«ዘንድሮ አልፈርምም።»

«እባክዎ ጋሼ፣ አርባ ዓመቴ ነው።»

«አርባ ዓመት ጠብቀሽ አሥራ ዘጠኝ ጠዋት ከበደሽ?»

ደብተሬን አነሳሁ። ስወጣ አዲስ ደብተር ገዝቼ እንደምጀምር ነገርኳቸው። «አዲስ አትግዢ» አሉ፣ «እዚያው ላይ ቀጥዪ።»

በታክሲ እስከ 18 ማዞሪያ ድረስ ረገምኳቸው። ማክሰኞ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግን ተነስቼ ያንኑ ደብተር ከፈትኩ። ከአሥራ ዘጠኙ ቆንጆ ገጾች ቀጥሎ ያለውን ባዶ ገጽ አገኘሁና ቀኑን ጻፍኩ። የመጀመሪያዋ መስመር ከዳር እስከ ዳር ተንቀጠቀጠች። እንባዬ ቀለሙን እንዳያበላሸው ደብተሩን ገፋ አድርጌ አለቀስኩ።