ሃያ ሦስተኛው ካርድ

ባለፈው ሰኞ አብራኝ የምትሠራው ወጣት ባለሙያ ቤተልሔም ወንበሯን ወደ ጠረጴዛዬ ስባ መጣችና ላፕቶፗን አዞረችልኝ። አዲስ የገዛነው ሰርቨር አሮጌው የማይችለውን ነገር እንዳይሠራ የሚያግደውን ቅንብር አግኝታ ነበር።

"ጋሽ ዳኛቸው፣ ይሄንን እርስዎ ነዎት ያደረጉት? ፕሮሰሰሩን እኮ አስረው ነው ያስቀመጡት። ያሳዝናል።"

"ተይው" አልኳት። ለማስረዳት አቅሙ አልነበረኝም። ክረምቱ አልወጣ ብሎ፣ ብርዱም ጉልበቴን ሲቆረጥመኝ ሰንብቷል። ደግሞም ይህን ነገር ላስረዳ ብል መጀመር ያለብኝ ከፕሮሰሰር ሳይሆን ከአንድ ሰው ነው።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። እዚሁ ጉለሌ፣ በአንድ የግል ሆስፒታል ውስጥ ኮምፒውተሮቹን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሽ ተሾመ ይባላሉ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጋዋናቸውን ራሳቸው አጥበው የሚተኩሱ ሰው ነበሩ። የእያንዳንዱን በሽተኛ ስም በደም ብልቃጡ ላይ በእጃቸው ይጽፋሉ፤ ደግመው በትልቅ መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ። አዲሱን ሥርዓት ስናስገባ ይህን ልማድ ማስተው ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

"ጋሼ፣ ቁጥር ይበቃል። ስሙን ሥርዓቱ ያውቀዋል" እላቸዋለሁ።

"ማሽኑ ቢታመምስ?"

"አንዱ ሰርቨር ቢታመም እየሠራ እያለ ወደ ሌላው እናዛውረዋለን። እርስዎ ማወቅም አይጠበቅብዎትም።"

ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ እስክሪብቷቸውን ከደኑና "አደራ" አሉኝ።

የነገርኳቸው ውሸት አልነበረም። የላቦራቶሪው ሥርዓት የሚሠራው ቨርቹዋል ማሽን በምንለው ነገር ላይ ነበር። ይህ በሰርቨር ውስጥ እንደ አንድ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር የሚሠራ፣ ሳይጠፋም ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚዛወር ነው። የሁለቱ ሰርቨሮች አንጎል፣ ፕሮሰሰራቸው፣ ችሎታው እኩል ከሆነ ማንም ሳያውቅ ይሄዳል። አንደኛው አዲስ ከሆነ ግን ቨርቹዋል ማሽኑ እዚያ የለመደውን ችሎታ ይዞ ወደ አሮጌው ይመጣል፤ የለመደውን ሲጠይቅ ያጣዋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው አዲሱን በአሮጌው ልክ ይገድበዋል። ይህን አንብቤ አውቅ ነበር። ግን አዲሱ ሰርቨር ሲመጣ ካርቶኑን እንኳ ለመጣል የሳሳሁ ሰው ነኝ፤ እሱን አሳንሼ ማስቀመጥ ግፍ መሰለኝና ገደቡን አነሳሁት።

በሐምሌ፣ ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ ባላቋረጠበት አንድ ጠዋት፣ የአዲሱ ሰርቨር ማቀዝቀዣ ማራገቢያ ማፏጨት ጀመረ። ሙቀቱ ይጨምራል፤ ትንሽ ከቆየሁ ራሱን ያጠፋል። ሥርዓቱን ወደ አሮጌው ላዛውር ስሞክር "ፕሮሰሰሮቹ አይገጥሙም" ብሎ እምቢ አለኝ። ይህን የፕሮሰሰር ፍተሻ መዝለል እንደሚቻል አውቅ ነበር። አንድ ጊዜ ሥራ በሌለው የሙከራ ማሽን ላይ ዘልዬው አልፎልኛል።

ከመዝለሌ በፊት ግን ማድረግ የነበረብኝ ነገር ነበር። ጋሽ ተሾመ የጠዋቱን ውጤት አንድ በአንድ አያጸድቁም፤ ሁሉንም ጎን ለጎን አሰልፈው አይተው እኩለ ቀን ላይ በአንዴ ነው የሚያጸድቁት። እስኪያጸድቁ ድረስ ስሙም ውጤቱም የትም አይቀመጥም፤ በዚያ በሚሠራው ማሽን ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው ያለው። ሁለት ፎቅ ወርጄ "ጋሼ፣ እስካሁን ያለውን ያጽድቁልኝ" ማለት ነበረብኝ። እንዲያ ካልኩ ግን "ማወቅም አይጠበቅብዎትም" ያልኩትን ቃል ማጠፌ ነው። አልወረድኩም።

ዝውውሩ በሰላም አለቀ። ከጠዋት ጀምሮ የቀዘቀዘውን ሻዬን አነሳሁ። ሁለቴ ፉት ሳልል ሥርዓቱ የለመደውን ጠይቆ አጣና ወደቀ።

ስወርድ ጋሽ ተሾመ ባዶውን ስክሪን እያዩ ቆመው ነበር።

"አንድ የደም ስኳር አየሁ" አሉኝ። "የሚያስፈራ ቁጥር። ዓይኔን ወደ ስሙ ላዞር ስል ጠፋ።"

ብልቃጦቹ ተደርድረዋል። በላያቸው ያለው ቁጥር ብቻ ነው። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያውቀው እኔ የጣልኩት ማሽን ነበር።

ከካርድ ክፍል ወደ ላቦራቶሪ የተላኩትን ካርዶች ቆጠርን፤ ሃያ ሦስት ናቸው። ኮሪደሩ ላይ ሃያ ሁለት ሰው ተገኘ፤ አብዛኛው ለምርመራው ብሎ ምግብ ሳይቀምስ የመጣ ነው። ጋሽ ተሾመ በመካከላቸው ቆመው "ጥፋቱ የኛ ነው፤ ደማችሁን እንደገና እንወስዳለን" አሏቸው። አንድ ሰውዬ አጉረመረመ። አንዲት አሮጊት ግን ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ሌላኛውን ክንዳቸውን ዘረጉና "ያኛው ደክሟል፣ ከዚህ ውሰዱ" አሉ። ጥጡን የያዝኩላቸው እኔ ነበርኩ። ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

የሃያ ሁለቱም ውጤት ወጣ። የሚያስፈራ ቁጥር አልነበረበትም። እንግዲህ የቀረው ያ አንድ ካርድ ነው፦ አቶ ፈይሳ፣ የከብት ደላላ፣ ሸጎሌ ገበያ። ስልካቸው አይነሳም።

በሚኒባስ ሄድኩ። የሸጎሌ ጭቃ ጫማዬን ዋጠው። በበሬዎች መካከል ስማቸውን እየጠራሁ ዞርኩ። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እግራቸው ሥር ሦስት ባዶ የውሃ ጠርሙስ ወድቋል፤ አራተኛውን ይዘዋል።

"ዛሬ ውሃው አያረካም" አሉኝ፣ ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳይጠይቁ። ምላሳቸው ተሳስሮ ነበር።

ደግፌ አነሳኋቸው። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ራሳቸው ትከሻዬ ላይ ወደቀ፤ ያን ጊዜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ረዳቱም ሂሳብ ሳይጠይቀኝ አለፈ። አቶ ፈይሳ ሆስፒታላችን ተኝተው ታከሙ። ከሳምንት በኋላ በእግራቸው ወጡ።

በማግስቱ ስለ ፕሮሰሰሮቹ ለጋሽ ተሾመ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና "በማኅበራችን ወደ እንጦጦ ማርያም ስንወጣ ከፊት የምናስቀድመው ጉልበቱ የደከመውን ነው። ጎበዙ በሱ ልክ ይሄዳል፤ ያኔ ማንም ዳገት ላይ አይቀርም" አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አስተዳደሩ ስለተፈጠረው ነገር በጽሑፍ እንዲብራራለት ጠየቀ። ደብዳቤውን የጻፉት እሳቸው ናቸው። ለእኔ የደረሰኝ ግልባጩ ነው፦ "የበሽተኛ ስም በብልቃጥ ላይ መጻፉ እንዲቀር የፈቀድኩት እኔ ነኝ። የሌላ ሰው ጥፋት የለበትም።" ከኃላፊነታቸው ተነሡ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከልጆቻቸው ከሚያንሱ ባለሙያዎች ጋር ተሰልፈው ደም ሲቀዱ፣ ስም በእጃቸው ሲጽፉ ኖሩ። ጠዋት ጠዋት ኮሪደር ላይ ስንገናኝ "እንዴት አደርክ ልጄ" ይሉኛል። እኔም "እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ። አንድም ቀን ወደ አስተዳደሩ ሄጄ "ፍተሻውን የዘለልኩት እኔ ነኝ" አላልኩም። ነገ እሄዳለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ። ጋሽ ተሾመ ካረፉም ቆይተዋል።

ትናንት ቤተልሔም እንደገና መጣች። ልጅቷ አትለቅም። አሮጌው ሰርቨር እስኪወገድ ድረስ ገደቡ እስከ ምን ድረስ እንደሚሆን ልንነጋገር ጀምረን ነበር፤ ሳላስበው ይህን ሁሉ ነገርኳት። ላፕቶፗን ከድና ሰማችኝ። የደብዳቤው ነገር ላይ ስደርስ ግራ ገባት።

"ታዲያ በመጨረሻ ጥፋቱ የማን ነው ተባለ?"

"የሳቸው።"

"የማን ነበር?"

"የኔ" አልኳት።

ቃሉን ጮክ ብዬ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። ሊሰሙት የሚገባቸው ሰው በሌሉበት፣ ያኔ ገና ፊደል ትቆጥር ለነበረች ልጅ ነገርኩት። እሷም ቅንብሩን ሳትነካው ወንበሯን መልሳ ሄደች።