የእንዳሻው ሠላሳ ስሞች

ባሌ እንዳሻው በኖርዌይ ወረቀት ላይ ከእኔ በስምንት ዓመት ይበልጣል። እናቱ ብትጠየቅ ግን እኩያዬ ነው። በፈረንጆቹ 1990 በሱዳን በኩል ኦስሎ ሲገባ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። የትውልድ ዘመኑን ሲጠይቁት "ስልሳ ስድስት" አለ፤ በእኛ አቆጣጠር ልክ ነው። ወደ ፈረንጁ የመለሰው ሰው ስላልነበረ 1966 ተብሎ ተጻፈና፣ ልጅ ሆኖ የገባው ሰውዬ የሃያ አራት ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ወጣ። ቀኑንና ወሩን ማስረዳት ስላቃተው ደግሞ እንደ አብዛኞቻችን ጃንዋሪ አንድ ሰጡት። ቤተ ክርስቲያናችን ከሚመጣው ሰው ግማሹ "የተወለደው" ጃንዋሪ አንድ ነው። አንድ ትልቅ ኬክ ገዝተን ባንዴ ብንገላገል ይሻላል እያልን እንቀልዳለን።

እንዳሻው ግን በዚህ ቀልድ ብዙም አይስቅም። ቁመቱ አንድ ሜትር ከዘጠና አራት ነው። አዲስ አበባ እያለ ለትምህርት ቤቱ ቅርጫት ኳስ ይጫወት ነበር፤ እዚህም እንደደረሰ ከአንድ የወጣቶች ቡድን ጋር ሦስት ሳምንት ተለማመደ። አሰልጣኙ ወደደው። ሊያስመዘግበው ወረቀቱን ሲያይ ግን ራሱን ነቀነቀ፤ የሃያ አራት ዓመት ሰው ከአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች ጋር አይጫወትም። እንዳሻው በተሰባበረ እንግሊዝኛ "አሥራ ስድስት ነኝ" ቢል ማን ይስማው? በዕድሜው ምክንያት ትምህርት ቤቱም ቀረ፤ ወደ ጽዳት ሥራ ገባ። እኔ ያገባሁት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው፤ ይህን ታሪክ ግን በቦታው የነበርኩ ያህል በቃሌ እወጣዋለሁ።

ሜዳ ባይገባም ከኳሱ አልተላቀቀም። ኤንቢኤ የሚባለው የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ በየዓመቱ ጁን መጨረሻ ላይ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ ያስመርጣል። ቡድኖቹ ሠላሳ ናቸው፤ በመጀመሪያው ዙር ሠላሳ ስም ይጠራል። ይህን ድራፍት ይሉታል። እኔ መጀመሪያ ስሰማ ስለ ቢራ የሚያወራ መስሎኝ ነበር። እንዳሻው ምርጫው ከመደረጉ በፊት ማን በስንተኛው ተራ፣ በየትኛው ቡድን እንደሚጠራ ይገምታል። ለመዝናናት እንዳይመስላችሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ያጠናል፣ ይጽፋል፣ ይሰርዛል። አመሩድ በሚባለው የኦስሎ ሰፈር ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ያለችው ቤታችን በደብተሮቹ ተጣብባለች።

ዘዴውን ያገኘው ከሥራው ነው። ቢሮ የሚያጸዳ ሰው ማን ሥራ ሊለቅ እንደተነሳ ከአለቃው ቀድሞ ያውቃል ይላል። መጀመሪያ የልጆቹ ፎቶ ከጠረጴዛው ላይ ይጠፋል። ከዚያ የግል ኩባያው። ሰውየው አለቃው ፊት ገና ፈገግ እያለ ሳለ ጠረጴዛው ተራቁቷል። ስለዚህ ሌሎቹ ገማቾች ወጣቶቹ ላይ ሲያፈጡ እንዳሻው ቡድኖቹን ያያል፦ የትኛው አንጋፋ ተጫዋች ቤቱን ለሽያጭ አቀረበ? ማን ጉልበቱን በበረዶ አስሮ ይቀመጣል? ማንስ ከአሰልጣኙ ርቆ ይቆማል? የሚለቀውን ካወቀ በኋላ ቦታውን የሚሞላውን መፈለግ ለእሱ ቀላል ነው።

ቢየርቪካ፣ አዲሱ ኦፔራ ቤት አጠገብ ከሚያጸዳቸው ቢሮዎች አንዱ የአንድ ትንሽ የስፖርት ድረ ገጽ ነው። ሦስት ሰዎች ይሠሩበታል፤ አዘጋጁ ሼቲል ይባላል። በ2008 ሜይ ላይ እነሼቲል የራሳቸውን ሠላሳ ስም ግድግዳ ላይ ለጥፈው ነበር። እንዳሻው የቆሻሻ ቅርጫታቸውን እየገለበጠ ሁለት ሳምንት ታገሠ። በሦስተኛው አልቻለም፤ "ዘጠነኛችሁ ስህተት ነው" አላቸው። ሼቲል ሳቀና ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበለው። ምርጫው ሲደረግ እነሱ ስድስት ስም በትክክለኛው ተራ አገኙ፣ ባሌ ዘጠኝ። ያኔ ሼቲል አልሳቀም። "በሚቀጥለው ጁንም ካሸነፍከን ከሴፕቴምበር ጀምሮ ለእኛ ትጽፋለህ፤ ሃምሳ ፕሮሰንት" አለው። ግማሽ የሥራ መደብ ማለቱ ነው።

ግማሽ መደብ ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። ለእኛ ግን እንዳሻው ከማታው የጽዳት ፈረቃ ወጥቶ ቤቱ ገባ ማለት ነው። ልጃችን ሜሉ አሥር ዓመት ሊሞላት ነው፤ በሥራ ቀን አባቷን የምታየው ቁርስ ላይ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ፣ ይህ ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ስለሚያውቀው ነገር ተፈልጎ ይጠየቃል። ያንን ቀን ከእሱ ይልቅ የተመኘሁት እኔ ነኝ፤ አልደብቅም።

ያን ዓመት ታዲያ እንዳሻው ከሰው ተለየ። በጓደኛችን በአድነው ሰርግ ላይ ሚዜ ሆኖ ሳለ፣ ሙሽሮቹ ቃለ መሐላ ሊፈጽሙ ሲሉ ከኮቱ ኪስ ወረቀት አውጥቶ አሥራ አንደኛውን ስም ሰረዘ። በክርኔ ብጎስመው "ትከሻው ተጎድቷል አሉ" አለኝ፣ የአጎቱ ልጅ የታመመ ያህል አዝኖ።

የዚያ ዓመት ትልቅ ወሬ ፓትሪስ ንዛምባ የሚባል ልጅ ነበር። ወላጆቹ ከኮንጎ የተሰደዱ፣ ቤልጅግ አንትወርፕ ያደገ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከስምንት ሴንቲ፣ ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ። ገማቹ ሁሉ ስድስተኛ ላይ ነበር የሚያስቀምጠው። በዚህ ነገር ውስጥ ዕድሜ ወርቅ ነው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ገና ያድጋል ተብሎ ይወሰዳል፤ ያንኑ ጨዋታ የሃያ አራት ዓመት ሰው ቢጫወተው ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ምርጫው ሊደረግ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ፣ እንዳሻው ከኮምፒውተሩ ፊት ብድግ አለ።

"መቅደስ! ነይ እዪ! የተወለደው ጃንዋሪ አንድ ነው!"

"ማነው እሱ?"

"ንዛምባ! ፈረንጆቹ ቀኑን አይተው ዝም ብለው አልፈውታል። ምን እንደሆነ አያውቁማ! ይሄ እኮ የእኛ ቀን ነው። ወረቀት የሰጠው ቀን ነው።"

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ጃንዋሪ አንድ ከተባለ እውነተኛው ዕድሜ አይታወቅም። ቡድኖቹ ያን ሁሉ ገንዘብ ከማፍሰሳቸው በፊት ይመረምራሉ፣ ይደርሱበታል፣ ልጁ ከሠላሳዎቹ ይወጣል። ድራፍት ላይ ደግሞ አንድ ስም ከቦታው ሲነሳ ከበታቹ ያለው ሁሉ ይዛነፋል። የሌላው ሰው ዝርዝር ከስድስተኛው ጀምሮ ሲፈርስ የእንዳሻው ብቻ ይቆማል። ሥራው በእጃችን ገባ ማለት ነው።

ኖርዌይኛ ሲጻፍ እኔ ስለምሻል ምክንያቱን የሚያስረዳውን ጽሑፍ እሱ ተናገረ፣ እኔ ተየብኩ። ርዕሱ "ንዛምባ በእርግጥ ስንት ዓመቱ ነው?" የሚል ነበር። መሃል ላይ ስደርስ እጄን አነሳሁ።

"እንዳሻው፣ ያንተ ወረቀት ልጅ ሳለህ አዋቂ ነህ አለህ። የዚህኛው ወረቀት አዋቂውን ልጅ ማለቱን በምን አወቅህ?"

"ናይ፣ አንቺ ይሄን ነገር አታውቂውም" አለኝ፤ "ናይ" በኖርዌይኛ "አይ" ነው።

"የባሌን ዕድሜ አላውቅም?"

"መቅደስ፣ በእናትሽ ጻፊ!"

ጻፍኩ። ሥራውን ስለፈለግሁት ጻፍኩ።

ሼቲል ሰኞ አወጣው። ማክሰኞ አንድ የአሜሪካ ድረ ገጽ "የኖርዌይ ባለሙያ እንደሚለው" ብሎ ተረጎመው። ባለሙያው በዚያ ሰዓት ሁለተኛ ፎቅ ላይ መጸዳጃ ቤት እያጠበ ነበር። ሲሰማ ደስታውን አልቻለም። እኔም የምሠራበት ባርነሃገ፣ የሕፃናት መዋያው ውስጥ፣ ሕፃናቱን እያለበስኩ፣ ለባልደረቦቼ ሁሉ አወራሁ።

በሚቀጥለው ሰኞ ከአንትወርፕ ኢሜይል መጣ። የጻፈችው የንዛምባ ታላቅ እህት ናት፤ በእንግሊዝኛ፣ አጭር። ወንድሟ የተወለደው እዚያው አንትወርፕ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ጃንዋሪ አንድ ነው። እሷ የስምንት ዓመት ልጅ ሆና ኮሪደር ላይ የአዲስ ዓመት ርችት እየሰማች ጠብቃለች። ከጽሑፉ በኋላ ሦስት ቡድኖች ለእናቷ ደውለው የልደት ምስክር ወረቀት ጠየቁ። ላኩላቸው፤ አላመኑም። አሁን የልጁን እጅ ራጅ አንስተው ዕድሜውን ከአጥንቱ ማወቅ ይፈልጋሉ። የመጨረሻው መስመር "ለመሆኑ ወንድሜን አይተኸው ታውቃለህ?" ይላል።

እንዳሻው ሁለቴ አነበበው። "ለካ ሰው የምር ጃንዋሪ አንድ ይወለዳል" አለ፣ ቀስ ብሎ። ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያን ቀን ያየው ልክ ባልሆነ ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ እኔም እንደዚያው። በዚያ ቀን በእውነት የምታምጥ እናት ትኖራለች ብሎ ከእኛ መሃል ማን አስቦ ያውቃል? ልስቅ ነበር። ፊቱን ሳየው ሳቄ ጠፋ።

"እኔ ላይ የደረሰውን ነው ልጁ ላይ ያደረስኩት" አለ። "አሥራ ስድስት ነኝ እያልኩ ስማጸን የነበርኩት ሰውዬ፣ አሥራ ዘጠኝ ነኝ ያለውን ልጅ አላመንኩትም።"

በማግስቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሼቲል ዘንድ ሄድን። ሲናደድ ኖርዌይኛው ስለሚጠፋው ነው አብሬው የሄድኩት። አላስፈለግሁትም።

"ጽሑፉን አንሳው። ይቅርታ እጽፋለሁ። ንዛምባንም ወደ ስድስተኛ እመልሰዋለሁ" አለው።

ሼቲል ክፉ ሰው አይደለም። ወንበር ሳበልን። "እንዳሻው፣ ረጋ ብለህ አስብ። ልጁ አሥራ ዘጠኝ ቢሆንም ቡድኖቹ አንዴ ፈርተዋል። አሁን መውረዱ አይቀርም። ግምትህ ልክ ሊሆን ነው እኮ! ከለወጥከው ትሸነፋለህ።"

"የሚወርደው እኔ ስላልኩ ነው።"

"ቢሆንስ? ግምት ነው እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም።"

እውነቱን ልናገር፣ ሼቲል ያለው ልቤ ገባ። ይቅርታውን ጽፎ ዝርዝሩን እንዳለ መተው ይቻላል። ይህንኑ በአማርኛ፣ በጆሮው ነገርኩት፦ "ይቅርታውን ጻፍ፣ ስሙን ግን አትመልስ። ሜሉን አስብ።"

እንዳሻው እንደዚያ ቀን አይቶኝ አያውቅም። "ይቅርታ እየጠየቅሁት እንዲወድቅ ልጠብቅለት?" አለኝ።

መልሴን ሳይጠብቅ በየቀኑ በሚወለውለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በራሱ እጅ ጻፈው፤ ሰዋስዉን ላርምለት ብል አልፈቀደም። ዕድሜው ሠላሳ አምስት መሆኑን፣ ወረቀቱ አርባ ሦስት እንደሚል፣ በልጅነቱ ከሜዳ እንዴት እንደተመለሰ ጻፈ። ይህን ሁሉ እያወቀ በዓይኑ ያላየውን ልጅ ሐሰተኛ ማለቱን ጻፈ። ከታች ሠላሳውን ስም እንደገና ደረደረ፦ ስድስተኛ፣ ፓትሪስ ንዛምባ።

ሼቲል አንድም ቃል ሳይቆርጥ አወጣው። በዚያው ቀን ግን የራሱንም ዝርዝር ለወጠ፤ ንዛምባን ከስድስተኛ አንስቶ ሃያኛ አደረገው። አልፈርድበትም። ሥራው መገመት ነው።

ምርጫው ሐሙስ ነበር፣ በእኛ ሌሊት። እንዳሻው በስንት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብሎ ሳይጠብቅ ተኛ። ዓርብ ጠዋት ሁለታችንም ኮምፒውተሩ ፊት ቁርሳችንን ይዘን ተቀመጥንና ቪዲዮውን ከፈትን። ንዛምባ ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከእናቱና ከእህቱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል። ስድስተኛው ሊጠራ ሲል ለመነሳት ኮቱን ቆለፈ። የተጠራው ሌላ ሰው ነበር። ቁልፉን መልሶ ፈታው። አሥረኛ አለፈ፣ አሥራ አምስተኛ አለፈ። በዙሪያው ያሉት ጠረጴዛዎች አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ፤ አስተናጋጅ መጥቶ ውሃ ቀዳለት። እህቱ ወለሉን ነበር የምታየው።

ስሙ የተጠራው በሃያኛው ተራ ነው። ልጁ ተነሳ፣ እህቱ ተነሳች። እናቱ ግን አልተነሳችም፤ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ትንሰቀሰቃለች።

"ከደስታ ነው ወይስ በእኔ ምክንያት?" አለኝ እንዳሻው።

"ከደስታ ነው" አልኩት። እንደዋሸሁት ያውቃል።

ትንሽ ቆይቶ ሼቲል ደወለ። እነሱ ሰባት ስም አግኝተዋል፣ እንዳሻው አምስት። እኔም እንድሰማ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "ተሸንፈሃል" አለው ሼቲል፤ "ግን ሌላው የማያየውን ታያለህ። እንደዚያ እንደ መጀመሪያው ጽሑፍ ዓይነት በሳምንት አንድ ከሰጠኸኝ ሃምሳ ፕሮሰንቱ ያንተ ነው።"

እጆቼን አጣምሬ ወደ ባሌ አፍ አየሁ።

"ናይ" አለ እንዳሻው። "አንድ ነገር ግን እፈልጋለሁ። ይቅርታዬን ከገጹ ላይ እንዳታነሳው። ልጁ የመጀመሪያ ጨዋታውን እስኪጫወት ከላይ ይቀመጥ።"

ሼቲል እሺ አለ።

ከሰዓት በኋላ እንዳሻው ጃኬቱን ለብሶ የሼቲልን ቢሮ ሊያጸዳ ተነሳ። "ስትደርስ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ በለው" ልለው እስከ በሩ ተከተልኩት። ዞሮ ሲያየኝ አፈርኩና በሩን ከፈትኩለት።