አፍዴራ ላይ የዋሸሁት ጾም

አስጎብኚ ሆኜ አፋር ወዳለው የአፍዴራ ጨው ሐይቅ የወረድኩ ቀን ጢሜን ተላጭቼ ነበር። የእስቴ ሰው ነኝ፤ ሥራ ሲጀመር አምሮ መሄድ ነው የማውቀው። አለቃዬ እንግዶቹ ፊት "መጀመሪያ አንተ ግባና ተንሳፈፍ፣ እነሱም ይድፈሩ" አለኝ። ዋና እንደማልችል ነገርኩት። "ይህ ውሃ ሰው አያሰጥምም" ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው፣ አላሰጠመኝም። ጨዉ ግን የተላጨ አገጬን እንደ በርበሬ ሲለበልበው ጮህኩ። ከዚያ ወዲህ ተላጭቼ ሐይቁ ውስጥ ገብቼ አላውቅም።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ጠዋት እንግዶቹን በጥቁሩ ድንጋይ ላይ በእግር ትመራለህ፣ ጨው የሚመረትባቸውን ኩሬዎች ታሳያለህ፣ ሐይቁ ውስጥ ይንሳፈፋሉ፣ በመጨረሻ ዳር ካለው ፍል ውሃ ገብተው ጨዉን ይለቃለቃሉ። ሾፌር፣ ምግብ አብሳይና አስጎብኚ አብረን እንወርዳለን። ጉዞ ላይ የበላዩ አስጎብኚው ነው። ማን ምን እንደሚሸከም፣ የት እንደሚታረፍ የምወስነው እኔ ነበርኩ።

መሪጌታ አበጀን ያመጣኋቸውም እኔ ነኝ። ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ ሰው ናቸው፤ መሬታቸው ጠባብ፣ ልጆቻቸው ብዙ። ከተማሪነታቸው ጀምሮ ራሳቸው አብስለው ስለበሉ እጃቸው ይጣፍጥ ነበር። ለአለቃዬ ነግሬ ምግብ አብሳይ አድርጌ አስቀጠርኳቸው።

መጀመሪያ የወረዱት በሁዳዴ ነው። ድንኳን ስንተክል ጠየቁኝ።

"ስማ ወንድሜ፣ በዚህ ሐሩር እንዴት አድርገህ ነው የምትጾመው?"

እኔ በረሃ ላይ መጾም ከተውኩ ቆይቼ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከመኪናው ኋላ ተደብቄ ውሃዬን እጠጣ ነበር። ግን ድጓ ለሚያውቅ ሰው ይህን እንዴት ልናገር? አገር ቤት ቢወራብኝስ? አፈርኩ።

"እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስም። ይለመዳል፣ መሪጌታ" አልኳቸው።

"ይሁና! ከአንተማ አላንስም" አሉ እየሳቁ።

ሁለት ቀን ቻሉት። በሦስተኛው ቀን እንግዶቹ የሐይቁን ዳር ዳር በእግር ካልሄድን አሉ። ለአለቃዬ ደውዬ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ በመኪና ይሁን ብዬ ብነግረው "ያሉህን አድርግላቸው" ብሎ ዘጋው። መሪጌታ ምሳውን ተሸክመው ከኋላ ተከተሉን። ስድስት ሰዓት ላይ ፊታቸው ልክ ስላልመሰለኝ ውሃ አቀረብኩላቸው።

"አንተ ጠጥተሃል?" አሉኝ።

"አልጠጣሁም" አልኩ። ጠዋት ሁለት ጠርሙስ ጨርሼ ነበር።

"እንግዲያው ሦስት ሰዓት ነው የቀረን" ብለው ጠርሙሱን መለሱልኝ።

ቀድማ ያስተዋለቻቸው አንዲት እንግዳ ናት። "ሰውዬው ላብ የለውም" አለችኝ። ዞር ስል ዜማ ጀምረው ያቋርጣሉ፣ ደግሞ ሌላ ይጀምራሉ። ከዚያ ወደቁ። ውሃ አፋቸው ውስጥ ባፈስ አይዋጥላቸውም። እጅና እግራቸውን ይዘን እስከ መኪናው አደረስናቸው፤ ወደ ጤና ጣቢያ ስንወስዳቸው መንገድ ላይ አረፉ። ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ አልሞላም ነበር።

አስከሬናቸውን ጋይንት አደረስኩ። ለቀስተኛው ሁሉ "በጾም ላይ አረፉ፣ የታደሉ" ይላል። መሪጌታ ስለ እኔ ጾም በስልክ ነግረዋቸው ኖሮ፣ እኔንም በረሃውን ጾሞ የቻለ እያለ ያከብረኝ ነበር። ያን ቀን ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በሠልስቱ ባለቤታቸው ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"አንተ የቻልከውን እሱ ምነው አቃተው? ከአንተ የሚበረታ ሰው አልነበረም ወይ?" አሉኝ።

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው "እግዜር ያጽናዎት" የሚል ነው። እስከ ዛሬም አልነገርኳቸውም።

አሁን አገሬ እስቴ ተመልሼ መካነ ኢየሱስ ከተማ ተቀምጫለሁ። ሥራውን ሊጀምሩ የሚያስቡ ልጆች ይደውሉልኛል። ስለ ጫማው፣ ስለ ባርኔጣው እነግራቸዋለሁ። ከዚያ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ በረሃ ላይ ውሃ ስትጠጡ አብረዋችሁ የሚሠሩት እያዩዋችሁ ጠጡ።