እትዬ አስካለ ያለ በርጩማ

እትዬ አስካለ ዛሬ ጠዋት ያለ በርጩማ፣ ያለ ደጋፊ፣ ፒካፔ ውስጥ ገቡ!

እትዬ አስካለ የአፍንጮ በር ጎረቤታችን ናቸው፤ እናቴ ሥራ ስትውል እኔን አዝለው ያሳደጉኝ። ወር በገባ በሰባት ሥላሴ የማደርሳቸው እኔ ነኝ።

አምና ረጅም ሞላ አስገጥሜ መኪናዋን ከፍ አስደረግኳት። ፒያሳ ላይ ስወጣ አንገት ሁሉ ይዞርልኝ ነበር። (ቢያንስ ለእኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።)

እትዬ ግን ለመግባት በርጩማ ላይ መቆም ነበረባቸው፤ እሱን ከኋላ ጭኜ እዞር ነበር። ባለፈው ወር በርጩማውን ረስቼ ብሄድ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው «ልጄ፣ አንተ ፎቅህን ይዘህ ና፤ እኔ በታክሲ እሄዳለሁ» አሉኝና ጥለውኝ ሄዱ።

ትናንት ጋራዥ ዋልኩ። መካኒኩ «ሰው የሚመጣው ከፍ ሊያስደርግ ነው፣ አንተን ምን ነካህ?» እያለ የድሮውን ሞላ መልሶ ገጠመልኝ።

ዛሬ እትዬ አንድ እግራቸውን አነሡ፣ ገቡ፣ በሩንም ራሳቸው ዘጉ። ከዚያ መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ «ቀስ ብለህ ንዳ፣ ጎረቤት ይየን» አሉኝ።

እንደ ዛሬ ኮርቼ ነድቼ አላውቅም።

እናንተስ ለምትወዱት ሰው ብላችሁ የተዋችሁት ጉራ የለም? ኧረ ጻፉ፣ ብቻዬን አልጋለጥ!