ትናንት ሌሊት እዚህ ቤት ያደረ ሕፃን

ዛሬ ጠዋት አንዲት የአንድ ዓመት ተኩል ሕፃን ቤታችን አታድርም ብዬ መሰከርኩ። ከኩሽናው በር ጀርባ ስታስል እየሰማኋት።

ራስ ዲካ ሰፈር ወደምሠራበት ቤት አንዲት መዝጋቢ መጣች። በየቤቱ እየዞረች ስንት ልጅ እንደተከተበ የምትጠይቅ ናት። ትናንት ሌሊት ቤቱ ውስጥ ያደረ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃን ሁሉ ይጻፋል፤ ላልተከተበው ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክ ወረቀት ትሰጣለች።

እመቤቲቱ የሁለት ልጆቿን ካርድ አወጣች። ማኅተሙ ሙሉ ነው።

"የሚያስለው ሕፃንስ?" አለች መዝጋቢዋ።

"የሠራተኛዬ ልጅ ናት። እዚህ አታድርም።" ወደ እኔ ዞረች። "ታድራለች እንዴ?"

ኢክራም አብራኝ ከምትሠራው እናቷ ከዘይነባ ጋር እኔ አጠገብ ነው የምትተኛው። እናቷ የእረፍት ቀን ስለማይሰጣት አንድም ክትባት አላገኘችም። ያ ወረቀት ለእሷ ነበር።

ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ። "አታድርም" አልኩ።

መዝጋቢዋ "ሁለት" ብላ ጻፈች። ቤታችን እንከን የለውም፤ ሪፖርቱ ሲወጣ አንብቡት።

በሩ ሲዘጋ እመቤቲቱ ዘይነባን ከኩሽናው ጠራቻት። "ልጅሽ እዚህ አታድርም ተብሎ ተጽፏል። እንግዲህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ዋራበሌ የምታድርበት ዘመድ ፈልጊላት።"

ዘይነባ የልጇን ልብስ እየቋጠረች "እቴቴ፣ አንቺም?" አለችኝ።

እናንተስ በምትሠሩበት ቤት መዝጋቢ ሲመጣ ማንን የለም አላችሁ? ጻፉልኝ። እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ ነው።