ናጋ የተባልኩበት ምሽት

ሰባተኛ ክፍል ስገባ ገና ልጅ ነበርኩ፤ በደርግ ዘመን፣ ድሬሰር የነበረው አባቴ ከደብረ ብርሃን ወደ ነገሌ ቦረና በተዛወረበት ዓመት። ክፍል ውስጥ የምንማረው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስለነበር አላስቸገረኝም፤ ከክፍል ስወጣ ግን ወሬው ሁሉ በኦሮምኛ ነበርና ልጆቹ ሲስቁ በእኔ የሚስቁ፣ ሲጮኹ እኔን የሚቆጡ ይመስለኝ ነበር። ፈሪ ሆንኩ።

ቋንቋውን ያስለመዱኝ አከራያችን አኮ ቱሜ ናቸው፤ አኮ ማለት ሴት አያት ነው። ያኔ አመሻሽ ላይ፣ የወተት ጮጯቸውን በግራር ፍም እያጠኑ፣ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በተሰባበረ አማርኛ ተረት ይነግሩኝ ነበር። ከሁሉ ያስፈራኝ ሰው መስሎ መንገድ ላይ የሚቆመው ጅብ ነው።

«በምን ይለያል፣ አኮ?»

«ሰው ከሆነ ‹ናጋ?›፣ ሰላም ነው? ስትዪው ‹ናጋ› ይልሻል። ከብቱ ደህና፣ ልጆቹ ደህና ብለሽ ትጠይቂያለሽ፤ ይመልሳል። ጅብ ሰላምታ ከየት ያውቃል? ዝም ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ያን ዕለት እናቴ ጉያ ገብቼ አደርኩ።

አንድ ቅዳሜ የክፍል ጓደኛዬ ዳኪ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው መንደራቸው ወሰደችኝ። ልመለስ ስነሳ እሷ ጥጆች ልታስገባ ሄዳ ነበር። እናቷ እጄን ይዘው ብዙ ነገር ነገሩኝ፤ አንዱም ሳይገባኝ ራሴን ነቅንቄ ብቻዬን ወጣሁ። ለካ «የሚሸኝሽ ሰው እስኪመጣ ቆዪ» ማለታቸው ነበር።

ፀሐይ ጠለቀች። ቀዩ መንገድ ጠቆረ፤ ኩይሳው ሁሉ የቆመ ሰው መሰለኝ። ካንዱ ኩይሳ ጀርባ ጦር የያዘ ሰው ብቅ አለ።

«ናጋ?» አለ።

ምላሴ ታሰረ።

«ሎን ናጋ? ኢጆሌ ናጋ?» የከብቱን፣ የልጆቹን ደህንነት መጠየቁ ነው። አሁንም ዝም አልኩ። ያኔ ሰውየው ወደ ኋላው ሸሸት አለና ጦሩን ጠበቅ አደረገ። መፍራቱን አየሁ። እዚያ ጨለማ ውስጥ ለሰላምታ መልስ የሌላት፣ ጅቧ፣ እኔው ነበርኩ!

«ናጋ!» ብዬ እያለቀስኩ ጮኽኩ። «ሎን ናጋ! ኢጆሌ ናጋ! ሁሉም ናጋ!» እኛ እንኳን ላም ዶሮም አልነበረንም።

ጦሩ ዝቅ አለ። ጠጋ ሲሉ ሽማግሌ መሆናቸውን አየሁ። «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ በአማርኛ።

«የድሬሰሩ።»

እጄን ይዘው ቤት አደረሱኝ። አባቴ ፋኖስ አብርቶ ሊፈልገኝ ሲወጣ በራችን ላይ ተገናኘን። አኮ ቱሜም ወጡ፤ ከሽማግሌው ጋር ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉድጓዱ ውሃ፣ ስለ ጥጆቹ በኦሮምኛ እየተጠያየቁ ቆሙ። እኔ በመሃላቸው ቆሜ ሳዳምጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ቃል አላመለጠኝም።

ፍርሃቱ ግን በዚያ አልለቀቀኝም። ዛሬም በማላውቀው ቋንቋ የሚያናግረኝ ሰው ሲገጥመኝ ልቤ ይመታል፤ ከዚያ ቀና ብዬ ፊቱን አያለሁ፣ ምናልባት እሱም እኔን ፈርቶ ይሆናል እያልኩ።